የአስካለ ጉልበትና የእኔ ንድፍ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ወንዶቹን ማለቴ ነው። እቤታችሁ ጨው የት ነው የሚቀመጠው? ገበታ ላይ የሚመጣውን ጨው አላልኩም። ዋናውን፣ ትልቁን፣ የገበታው ሲያልቅ የሚሞላበትን። ዝም አላችሁ። አይዟችሁ፣ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር አላውቅም ነበር። አለማወቄን ራሱ አላውቅም ነበር።

ይሄን ከሌላ ሰው አፍ ብትሰሙት ላይደንቃችሁ ይችላል። የእኔ ሥራ ግን ምን ነበር መሰላችሁ? ነዳፊ ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማስመሪያና እርሳስ ይዤ የሰው ቤት በወረቀት ላይ ስሠራ ኖርኩ። ግድግዳው እዚህ፣ በሩ እዚያ፣ መስኮቱ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

በእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ አነዳደፉ ልማድ ነበረው። ሳሎን ከሆነ ሶፋው ይሳላል፣ ትንሿ ጠረጴዛ ሳትቀር። መኝታ ቤት ከሆነ አልጋው ከነትራሱ ይሳላል። ባኞ ቤት ከሆነ ገንዳው፣ መቀመጫው፣ መታጠቢያው። ማድ ቤት ላይ ስንደርስ ባዶ አራት ማዕዘን እንሠራና መሐሉ ላይ «ማድ ቤት» ብለን እንጽፍበታለን። አለቀ፣ ወደሚቀጥለው።

አንድ ጊዜ ቤት የምታሠራ ሴትዮ መጣችና ንድፉን ዘርግተን አሳየናት። ጣቷን ባዶው ላይ አድርጋ ይሄ ምንድነው አለችን። ማድ ቤት ነው አልናት። ጣቷን ወደ ግቢው በር ወሰደችና ይሄስ አለች። እሱ የውሻው ቤት ነው። በሩም፣ የሚበላበት ሳህንም ተስሎለታል። ሴትዮዋ የውሻውን ሳህን አየች፣ እኛን አየች፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ሄደች። አለቃችን ያን ቀን እስኪያነባ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አለቃ ሲስቅ ምን ይደረጋል?

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። የምንኖረው ኮልፌ ነው፣ ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ። ቤታችን በረንዳ አለው፣ በረንዳው ላይ የእኔ ወንበር አለ። ከወንበሩ ፊት ለፊት ግቢው፣ ከግቢው ማዶ ሦስት የድንጋይ ደረጃ ወረድ ብሎ ማድ ቤቱ። ከጭቃ የተሠራ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አጭር። የዚያ ቤት እመቤት ባለቤቴ አስካለ ናት። የጎጃም ሰዎች ልጅ ናት፣ ያደገችው ግን እዚሁ ነው። ንግግሯ ጥቂት ነው፣ የተናገረችው ግን ብዙ ይቆያል። እኔ ደግሞ የሸዋ ልጅ ነኝ። እናቴ፣ ማጀት የሚያዘወትር ወንድ ጢም አያበቅልም እያለች በማማሰያ እያባረረች ነው ያሳደገችኝ። ጢሜ በቅሎ፣ ሸብቶም፣ ማድ ቤት አልገባም ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ እጣራለሁ እንጂ ደፉን አላልፍም።

ባለፈው ክረምት ታዲያ አስካለ ደረጃው ላይ ተንሸራተተች። ድስቱን አልለቀቀችም፣ ጉልበቷ ግን ለቀቃት። ከዚያ ወዲህ ስትነሳ አንድ እጇ ግድግዳ ይይዛል፣ ስትቀመጥ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ አየሁ እንዴ? አላየሁም። እያነከሰች ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጎረቤት አይቶ ነው የነገረኝ። ጎረቤት ያየውን ባል ሳያይ ሲቀር ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ለእሱ ተረት አልተተረተለትም መሰለኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሩ የተነሳችውን የራጅ ፎቶ ወደ መብራቱ አንስተው አዩና መጋጠሚያው እየተበላ ነው አሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ይቀንሱ አሏት። መቆም፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ መመላለስ። እነዚህን ከቀነሱ መድኃኒቱ ይሠራል። ካልቀነሱ ግን ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ የምንነጋገረው ስለ ቀዶ ጥገና ነው።

 ስንመለስ ታክሲው ጦር ኃይሎች ሲደርስ አስካለ፣ እኔ ቢላ አልፈልግም አለችኝ። ታላቅ እህቷ እግሯን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ከዚያ ወዲያ በምርኩዝ ቀርታለች። አስካለ የፈራችው ሞትን አልነበረም። አልጋ ላይ ሆና መስማትን ነው የፈራችው፤ ሌላ ሰው በእሷ ድስት፣ በእሷ ማማሰያ ሲያማስል። እኔም ፈራሁ። አስካለ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ የማትልበትን ቀን ሳስበው ቤቱ ራሱ የሌለ ያህል ነው የተሰማኝ። ይህን ግን አልነገርኳትም፣ በእኛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። በእሱ ፈንታ ሠራተኛ እንቅጠር አልኳት። እጄን አላመመኝም አለችኝ።

በዚህ መሐል ትዳር ይዛ ዘነበወርቅ የምትኖረው ልጃችን በስልኬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንዲት ፈረንጅ ነጭ በነጭ የሆነ ኪችን ውስጥ ቆማ ታወራለች። ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያውና ፍሪጁ ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው ትላለች። ሠሪዋ መሐል ላይ ትቆማለች፣ አንድ ሁለት እርምጃ ብትል ሁሉም ጋ ትደርሳለች። ሦስት ማዕዘን! እኔ እኮ እንጀራ የበላሁት በሦስት ማዕዘን ማስመሪያ ነው። ጡረታ የወጣው ነዳፊ ብድግ አለ።

ባለሙያ ደግሞ ሳይለካ አይነድፍም። በማግስቱ ጠዋት በረንዳዬ ላይ፣ ወንበሬ ላይ፣ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። አስካለ ከማድ ቤቱ በር በወጣች ቁጥር አንድ መስመር። ከመስመሩ ጎን ወደ የት እንደሄደች እጽፋለሁ። አንዴ በፊቴ ስታልፍ ምን እየጻፍክ ነው አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። ጡረታ የወጣህ መስሎኝ አለችና ሻዩን አስቀምጣልኝ ወረደች። መሐል ላይ እርሳሴ ዶለዶመ፣ መቅረጫ አመጣችልኝ። እንዲህ እያልን ምሳ እስኪቀርብ አርባ ሦስት ጊዜ ወጣች። አርባ ሦስት! በታመመ ጉልበት፣ በሦስት የድንጋይ ደረጃ።

ደነገጥኩ። ጥፋተኛውን ግን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ርቀቱ ነው። ማድ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ደረጃ አለው፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ከሳሎኑ አጠገብ አሮጌ ዕቃ የምናጭቅባት ክፍል ነበረች፣ እሷን ባዶ አደረግን።

18 ማዞሪያ ሱቅ ያለውን አናጢ ሳሙኤልን አመጣሁ። ክፍሏን በስንዝር በስንዝር ለካኋት። አስካለንም ለካኋት። ግድግዳው ላይ አስደግፌ ክርኗ የት እንደሚደርስ፣ እጇን ስታነሳ ጣቷ የት እንደሚቆም በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ምስኪን እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ ብላ ቆመችልኝ። ሙሽራ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አላየኸኝም አለችኝ። ሳሙኤል ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ።

አንድ ሁለት ጥያቄም ጠየቀችኝ። መብራት ሲጠፋስ? አለችኝ። ይመጣል አልኳት። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ በርሜሉ የት ይቀመጣል? አለችኝ። በርሜል በንድፉ ውስጥ የለም አልኳት። በርሜልማ የሦስት ማዕዘኑን ውበት ያበላሻል! ዝም አለች። የአስካለ ዝምታ ከአንድ ገጽ በላይ ነው፣ እኔ ግን ያን ጊዜ ማንበብ አልቻልኩበትም።

አለቀ። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ከምድጃው እስከ ዕቃ ማጠቢያው አንድ እርምጃ። ከዕቃ ማጠቢያው እስከ ፍሪጁ አንድ ተኩል። መሳቢያዎቹ በአንድ ጣት ይሳባሉ። ጠረጴዛው በአስካለ ክርን ልክ፣ መደርደሪያው በአስካለ ጣት ልክ። ንጉሥ እንኳ በልኩ የተሠራ ኪችን የለውም።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ሊመርቁልን መጡ። ቤተሰቦቻቸው ከቦንጋ የመጡ ናቸው፣ እሳቸው ግን እዚሁ ኮልፌ ኮረሪማና ቅመም ሲነግዱ ነው ያረጁት። መሳቢያውን ሳቡ፣ ዘጉ። የጠረጴዛውን ግራናይት በመዳፋቸው ዳበሱት። በጣም ያምራል፣ የሰላም ያድርግላችሁ አሉ። ከዚያ ወደ አስካለ ዞር ብለው፣ ወጡ ታዲያ የት ነው የሚሠራው? አሏት።

እኔ ሳቅኩ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አስካለ ግን አልሳቀችም። እዚያው ማድ ቤት ነዋ አለቻቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልተክዝ። እኛ እኮ እንዲህ ነን። ፍሪጃችን ሳሎን ይቀመጣል፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ ደፍቶ። አንድ ወዳጄ ቤት ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ሳህን ቡፌ ውስጥ ተደርድሯል። ልጆቹ አድገው፣ ተድረው፣ የልጅ ልጅ መጥቶ፣ ሳህኑ እስካሁን የምግብ ዓይነት አላየም። የወደድነውን ነገር አንጠቀምበትም፣ እንሳሳለታለን። ለእንግዳ ይሁን እንላለን። እንግዳውም ቤቱ ሄዶ ለእኛ ሲል የራሱን ይሸፍናል። ይሄን ለማወቅ ነዳፊ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ ዓይን ይበቃ ነበር። እኔው ራሴ ስንት ቪላ ስነድፍ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ኪችን፣ ጓሮ ደግሞ ሌላ ማድ ቤት እስል አልነበር? ለምን ሁለት ሆነ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

አስካለ ምክንያቷን ደረደረችልኝ። ሽሮ ሲንተከተክ ግድግዳው ላይ ይፈናጠቃል። የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ ሳሎን ገብቶ መጋረጃ ላይ ያድራል። በርበሬ ሲያርፍበት እንግዳው ሁሉ ያስላል። ስለዚህ አዲሱ ኪችን ውስጥ ሻይ ብቻ ይፈላል፣ እሱም እንግዳ ሲመጣ። ምድጃው ዳንቴል ለበሰ። ከምር ነው የምላችሁ፣ ምድጃው!

ተናደድኩ። ደብተሬን ይዤ ወንበሬ ላይ ተመለስኩና እንደገና ቆጠርኩ። አርባ ስድስት። ጨምሯል! ሦስቱ አዲሱን ኪችን ለመወልወል የሄደችው ናቸው። ያን ቀን ጮህኩባት። ለማን ብዬ ነው የሠራሁት? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው! አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብለህ ስለሠራኸው ነው የማላቆሽሸው።  ደብተሬን ዘግቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

እንዲህ እያለን ሐኪም ዘንድ ከሄድን ወር ተኩል ሞላ። አንድ ረቡዕ ጠዋት አስካለ ከአልጋ ልትነሳ ብላ አልቻለችም። ጉልበቷ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። መድኃኒቷን ዋጠች፣ እግሯን ትራስ ላይ አደረግኩላት። ዶክተሩ ከሰጡን ሦስት ወር ግማሹ አልቋል። ሁለታችንም ይሄንኑ እያሰብን ነው፣ ሁለታችንም አናነሳውም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከምግብ ቤት ላምጣ አልኳት። ለአንድ ሽሮ ምግብ ቤት? አለችኝ። አሟት እንኳ ክብሯን አትለቅም። ታዲያ ማን ይሥራው? አልኩ።  ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ግራ ቀኝ አየሁ፣ በአጥሩ ላይ አየሁ። ሌባ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። ሦስቱን ደረጃ ወረድኩና ደፉን ተሻገርኩ። በሩ በአስካለ ቁመት የተሠራ ነውና ግንባሬን ቋ አደረገኝ። የመኝታ ቤታችን መስኮት ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው። አስካለ ድምፁን ሰምታ፣ ጎንበስ በል፣ እዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ይላል አለችኝ።

ከዚያ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮቱ ታዘኝ ጀመር። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥ። ተቀመጥኩ። ግራ እጅህን ዘርጋ። ዘረጋሁ፣ ሽንኩርት። ቀኝህን። ዘይት። ከጉልበትህ ሥር። ቢላውና መክተፊያው። ክርንህን ወደ ኋላ መልስ። ጆግ ሙሉ ውሃ፣ ከበርሜሉ የተቀዳ። ከጆሮህ በላይ። ምጥን ሽሮ፣ ከጎኑ ጨው። ጨው! ሠላሳ አንድ ዓመት ከጆሮዬ በላይ ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቴ ከሰል ምድጃው፣ ከእሱ ጎን የኤሌክትሪኩ፣ መብራት ቢኖር ያኛው ባይኖር ይሄኛው።

ሽንኩርቱን ጥጄ ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ። ልማድ ነው፣ ሰው ማተቡን እንደሚይዝ እኔ ሜትር እይዛለሁ። ከበርጩማው እስከ ዘይቱ ለካሁ። እስከ ውሃው ለካሁ። እስከ ምጥኑ ለካሁ። ክንዴን ሙሉ በሙሉ ያስዘረጋኝ አንድም ነገር የለም። አንዴም አልተነሳሁም።

ማማሰያው ከተሰቀለበት ምስማር አጠገብ ደግሞ ግድግዳው ላይ ባዶ ቀዳዳዎች አየሁ። አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ሩቅ ነው፣ በሩ አካባቢ። ሁለተኛው ቀረብ ይላል፣ ሦስተኛው ይበልጥ፣ እንዲህ እያሉ አሁን ምስማሩ ያለበት ይደርሳሉ። እኛ መሥሪያ ቤት ንድፍ ሲታረም አሮጌው መስመር ይፋቅና አዲሱ ይሰመራል፣ የተፋቀው አሻራ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የአስካለም አሻራ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ምስማር እየነቀለች፣ እየተከለች፣ ያለ ማስመሪያ ስትነድፍ ኖራለች። እኔ ባዶ አራት ማዕዘን ብዬ ያለፍኩት ቤት ውስጥ ማለት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። እኔ እንደ መዳብ እንኳ አልቆጠርኩትም።

ከዚያ አንድ ነገር ውል አለብኝ። ከዚህ በርጩማ ሳይነሱ ሁሉም ነገር የሚደረስ ከሆነ አርባ ሦስቱ ምልልስ ከየት መጣ?

ሮጬ ሄጄ ደብተሬን አመጣሁ። ወደ የት እንደሄደች ከየመስመሩ ጎን ጽፌ የለ? ስምንቱ ወደ በርሜሉ። አራቱ ወደ ልብስ ማስጫው፣ ደመና ሲመጣ። ሁለቱ ወደ ግቢው በር። ቀሪዎቹ ሃያ ዘጠኝ በሙሉ ወደ በረንዳው ናቸው። በረንዳው ላይ ምን አለ? ወንበሩ። ወንበሩ ላይስ? ሻይ ይላል። ስኳር አነሰው ይላል። መነጽር። ስልክ ጮኸ። የሬዲዮኑ ድምፅ ይጨመር። ውሃ። ሻይ ድጋሚ። አንዱ መስመር ጎን «የእርሳስ መቅረጫ» ይላል። እርምጃዋን የምቆጥርበትን እርሳስ መቅረጫ ያመጣችልኝ እሷው ናት፣ ያንንም ቆጥሬዋለሁ።

አፈርኩ። ሰው ፊት የሚታፈረውን እፍረት አይደለም። ብቻህን ሆነህ፣ ማንም ሳያይህ፣ ፊትህ የሚግልበትን ነው። ምድጃ አነሳሁ፣ ፍሪጅ አዞርኩ፣ ክፍል አስለቀቅኩ። ከቦታው መነሳት የነበረበት ዕቃ ግን ሻይ እየጠጣ ይቆጥር ነበር። እኔ በዚህ ሐሳብ ስብሰለሰል ሽሮው አረረ።

ያረረውን ይዤላት ገባሁ። አንድ ጉርሻ አለች፣ አላመጠች። ጓጉሏል፣ ከሥሩም ይዟል፣ ጨዉ ግን ልክ ነው አለች። ከአስካለ አፍ ይህ ሽልማት ነው። እኔ ግን መብላት አቃተኝ። ደብተሩን አሳየኋትና ሃያ ዘጠኙ እኔ ነኝ አልኳት።

ሃያ ዘጠኝ ብቻ? አለችኝ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እንጀራዋን ቆረሰች። «መጀመሪያ ስትጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ኋላ ለመድኩት። ያመመኝ አሁን ነው።» ከዚህ በላይ አልጨመረችም። እኔ ግን ይህችን ሦስት ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ይዣት እዞራለሁ።

ቅዳሜ ሳሙኤል ዘንድ ሄድኩ። ከኪችኑ ከተረፈው ጣውላ አንድ በርጩማ ሥራልኝ አልኩት። ለማን ነው? አለኝ። ለእኔ። ለበረንዳ? አይ፣ ለማድ ቤት። መዶሻውን አስቀመጠና አየኝ። ጋሼ፣ ደህና ናችሁ አይደል? አለኝ። ከአስካለ ጋር ተጣልቼ ከቤት የወጣሁ መስሎታል።

ማድ ቤት ገባሁ እላችኋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከጥቅሜ ጉዳቴ በዛ። አስካለ እጇን ስትዘረጋ እኔ አለሁ። ዞር ስትል እኔ አለሁ። የእሷ ንድፍ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፣ እኔ እንደ በርሜል መሐል ላይ ተገተርኩ። አንድ ቀን፣ ሰባተኛ ቀዳዳ ብሳ አለችኝና የማማሰያውን ምስማር ወደ እኔ በኩል አዛወረችው። ከዚያ ወዲህ የሚያማስለው እኔ ነኝ። ውሃ የሚቀዳው እኔ ነኝ። ስልኩ ሲጮህ የሚሄደው፣ በር ሲንኳኳ የሚከፍተው፣ ሻይ የሚያመጣው እኔ ነኝ። አስካለ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ሽንኩርት የሚከትፈውም እኔ ነኝ። እንባዬ በጉንጬ ሲወርድ አስካለ አየችኝና፣ ለሠርጋችን ቀን እንኳ አላለቀስክልኝም አለችኝ።

አንድ ከሰዓት እትዬ አልማዝ ኮረሪማ ሊያደርሱልን መጥተው ከበሩ ላይ ደረሱብኝ። መክተፊያው ጭኔ ላይ፣ እንባው ጉንጬ ላይ። የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን ምንም አላሉም። እንደምን ዋላችሁ ብለው ኮረሪማውን ሰጡንና ሄዱ። ይህችን ይሉኝታቸውን አልረሳላቸውም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ መንገድ ላይ አቆሙኝ። እኔ በአንተ ላይ ክፉ አስቤ አላውቅም አሉኝ። ምን አጠፋሁ ጋሼ? አልኳቸው። ምነው እንዲህ አድርገህ ታስፈርድብኛለህ አሉና ትተውኝ ሄዱ። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ሦስቱ ወር ሞላ። የቀጠሮው ጠዋት አስካለ ነጠላዋን ሁለቴ አደገደገች፣ ሁለቴ ፈታች። ዶክተሩ ጉልበቷን አጥፈው ዘረጉት፣ ጫን ጫን አደረጉት። እስቲ ይራመዱ አሏት። ተራመደች። እጇን ወደ ግድግዳው አልላከችም። እኔ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነኝ። እብጠቱ ጠፍቷል አሉ። ቀዶ ጥገናውን እንተወው፣ በዚሁ ከቀጠሉ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ተመስገን አልኩ።

ዶክተሩ ገረማቸው። ብዙ ሰው ምልልሱን ቀንሱ ስንለው አይችልም፣ እርስዎ እንዴት አደረጉት? አሏት። አስካለ አንዴ አየችኝ። ባለቤቴ ነዳፊ ነው ዶክተር፣ ኪችን ሠራልኝ አለቻቸው። ውሸት ነው? አይደለም፣ ሠርቼላታለሁ። እውነት ነው? እሱንም ተዉት። በሰው ፊት ባሌ ሽንኩርት ይከትፍልኛል ብላ ልታዋርደኝ አልፈለገችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠራት የመጣችው ሴት እዚያም ቦታ ሳልጠራት ደረሰችልኝ።

ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኛም ቤት እየሠራን ነው አሉኝ። ባለቤቴም ሰሞኑን ጉልበቴን ጉልበቴን ማለት ጀምራለች፣ እባክዎ ያንኑ ኪችን ለእኛም ይንደፉልን። እምቢ ይባላል? እቤቴ ሄጄ ማስመሪያዬን አወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሳልኩት ንድፍ የለም። በሳምንቱ ይዤላቸው ሄድኩ።

ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። ምድጃው። ዕቃ ማጠቢያው። የውሃ በርሜሉ። መደርደሪያው። ጥሩ፣ ጥሩ አሉ። ይቺ ትንሽ ክብ የባለቤቴ መቀመጫ ናት፣ ገባኝ፣ ቁጭ ብላ እንድትሠራ ነው፣ በጣም ጥሩ። ከምድጃው ማዶ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺኛዋ ክብስ? የጋዝ ሲሊንደር ናት?»

በርጩማ ናት አልኳቸው።

«እንግዳ ሲመጣ እንዲቀመጥባት?»

«አይ ዶክተር፣» አልኳቸው፣ «የእርስዎ ናት።»